ሦስት የጥሪ ወረቀት፣ ሦስት ጆንያ በርበሬ

በየቀኑ ከአፋችን የምትወጣ አንዲት አባባል አለች። ተማሪው ፈተናው ነገ ሊሆን ዛሬ ደብተር ሲዋስ፣ አባወራው ዝናቡ ሲጀምር ቆርቆሮ ሊገዛ ሲሮጥ፣ ሹሙ ተቆጣጣሪ በር ላይ ቆሞ ሳለ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ አንዱ ከወዲያ ጥግ ጣል ያደርጋታል። ሁሉም ይስቃል፤ የተባለለት ሰውም አብሮ ለመሳቅ ይሞክራል። አራት ቃል ብቻ ናት። ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሸንበቆ ውሃ ሰዎች «የእኛ ናት» ይላሉ፤ ሲያስረዱም የሚተርኩት የሚከተለውን ነው። አባባሏን ከአሁኑ መናገር አያስፈልግም፤ በጊዜዋ ራሷ ትመጣለች። ጊዜ በማወቅስ ከባለታሪኩ ትሻላለች።

ግራዝማች ደምለው ክፉ ሰው አልነበሩም። ለዳኝነት ሲቀመጡ መማለጃ አይበሉም፣ ለማኝም ከደጃቸው ባዶ እጁን አይመለስም። አንድ አመል ግን ነበረባቸው፤ ከነገሩ ይልቅ የነገሩ መልክ ያስጨንቃቸዋል። ግቢያቸውን ባሳጠሩ ጊዜ እንጨት ጠራቢ ከሩቅ አገር አስመጥተው አንበሳ የተቀረጸበት፣ ባለ ሁለት ተከፋች ትልቅ በር አሠሩ። እንጨቱ ሁሉ ለበሩ ስላለቀ አጥሩ ከሰው ደረት ሳያልፍ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሌባው በአጥሩ ይዘላል፣ እንግዳው በአንበሳው በር ይገባል። ግራዝማችም ስለ ሌባው ብዙ አይናደዱም፤ እንግዳው በሩን ሳያደንቅ ከገባ ግን ቀኑን ሙሉ ይከፋቸዋል።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ የግራዝማችን ልጅ ብርቅነሽን ለማጨት ከወንዝ ማዶ፣ ከዋርካ ሜዳ ሽማግሌ መጣ። የሽማግሌዎቹ አባት አባ ጎሹ የሚባሉ፣ ከጥርሳቸው አራት የቀራቸው፣ ከምላሳቸው ግን ምንም ያልጎደለ አዛውንት ነበሩ። የልጁ አባት ባሻ ዘገየ ናቸው። ስማቸው ዘገየ ይሁን እንጂ ባሻ በሕይወታቸው አንድ ቀን ዘግይተው አያውቁም። ወታደር ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ «ጠዋት» ከተባሉ ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ይቆማሉ።

ነገሩ አላስቸገረም። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ እንዲሆን ተስማሙ።

«ቀኑን የልጅቱ አባት ይቁረጡ» አሉ አባ ጎሹ።

«እኔም የምጨምረው የለኝም» አሉ ባሻ። «ቀኑን ይንገሩኝ፤ በቀኑ በርዎ ላይ ነኝ።»

«በሩን እንዴት አዩት?» አሉ ግራዝማች።

የግራዝማች ሚስት ወይዘሮ አስናቁ ጓዳ ሆና ይህን ስትሰማ ደስታም ፍርሃትም ያዛት። ደስታዋ ለልጇ ነው፤ ብርቅነሽ የባሻን ልጅ መኩሪያን ባለፈው ጥምቀት አይታው ነበርና ስሙ ሲነሣ ፊቷ ይበራል። ፍርሃቷ ደግሞ ከታላቅ እኅቷ ከድንቄ ሠርግ የመጣ ነው። ያኔ ወጡ ለሠርገኛው እኩሌታ ሳይደርስ አለቀና የቀረው ሰው ቆሎ ቆርጥሞ ተመለሰ። የድንቄ አማት ይህን አልረሱም። ድንቄ ሰባት ልጅ ወልዳ፣ ቤት አቅንታ፣ አማቷን ጦራ ሠላሳ ዓመት ስትኖር፣ ጨው ባነሰ፣ ውሃ በዘገየ ቁጥር የምትሰማው ያንኑ ነበር፦ «ምን ይደረግ፣ ቆሎ ቆርጥመን ያመጣናት!»

አስናቁ በልቧ ማለች። የእኔ ልጅ ዋርካ ሜዳ የምትገባው በቅሎ ተቀምጣ ነው እንጂ ስድብ ተሸክማ አይደለም።

ለዚህ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት በርበሬ ነበር። ጠጁን ማንም ስላልከለከላት ለጥምቀት በሚል ሰበብ ጥላዋለች። በሬውም በእግሩ ቆሞ ይጠብቃል። በርበሬ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ዛላው ተቀንጥሶ፣ ተሰጥቶ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ተደልዞ፣ እንደገና ፀሐይ መትቶት፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ ድስት እስኪገባ ለትልቅ ድግስ ሁለት ሳምንት ቢያንስ ነው። ዛላውስ አልጠፋም። ግራዝማች፣ ተፎካካሪያቸው ቀኛዝማች አሰጌም ልጃቸውን ሊድሩ ነው የሚል ወሬ ስለሰሙ፣ ለእሳቸው እንዳይተርፍ ብለው የገበያውን በርበሬ ጠራርገው ሦስት ጆንያ ገዝተዋል። ገዝተውም እቃ ቤት አስገብተውታል። እዚያው ቀረ።

ያስቀረው ወረቀት ነው። በዚያ ዘመን በሸንበቆ ውሃ ለሠርግ የሚጠራው በሰው አፍ ነበር፤ አንድ ሁለት ሰው በየደጁ ዞሮ «እገሌ ልጁን ሊድር ነውና በእንዲህ ያለ ቀን ና ብሎሃል» ይላል፣ አለቀ። አንድ ነጋዴ ግን አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ የትልልቅ ሰዎች የሠርግ ጥሪ በወረቀት ሆኗል ብሎ አወራ። ግራዝማች ይህን ከሰሙ ወዲያ እህል አልበላ አላቸው። ነጋዴውን መልሰው ላኩና ሦስት ዓይነት ወረቀት አስመጡ፤ አንዱ ዳሩ በወርቅ ቀለም የተቀባ ነጭ፣ አንዱ ውሃ ሰማያዊ፣ ሦስተኛው አበባ የታተመበት ጽጌረዳ መልክ።

ለጽሕፈቱ ደብተራ ይባቤ ተጠራ። ደኅና ብርሃን የሚገባው በእቃ ቤቱ መስኮት ብቻ ነውና እዚያ ገባ። የግራዝማችን ትልቅ ሣጥን ጠረጴዛ አደረገው። ሣጥኑ ሲረዝምበት ጊዜ ሁለቱን የበርበሬ ጆንያ ከሥር፣ ሦስተኛውን ከላይ አድርጎ ወጣና ተቀመጠበት።

«ደብተራ፣ እባክዎ ከበርበሬዬ ላይ ይውረዱልኝ» አለችው አስናቁ።

«ወይዘሮ አስናቁ፣ የግራዝማች ስም መሬት ተቀምጦ አይጻፍም።»

«ጆንያውን በሌላ ነገር ልተካልዎት እኮ ነው። መቀንጠስ አለብኝ።»

ይህን ጊዜ ግራዝማች ከበሩ ብቅ አሉ። «በርበሬ? ወረቀቱ እዚህ ቤት እያለ? በይ ተይ! ሽታው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ፊታውራሪ ጥሪዬን ገልጠው ቢያስነጥሱ ምን ይሉኛል?»

«ይማርዎት እንላቸዋለን።»

«አስናቁ፣ በቁም ነገር አትቀልጂ።»

«እንግዲያው በርበሬው መቼ ይደለዝ?»

«ጥሪው ተልኮ ሲያልቅ።»

«ጥሪው መቼ ይላካል?»

«ቀኑ ሲቆረጥ።»

«ቀኑስ መቼ ይቆረጣል?»

ግራዝማች ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «ሴትዮ፣ ይህ ነገር ቅደም ተከተል አለው» አሉ።

ቀኑን መቁረጥ ግን ከወረቀቱም ባሰ። ገናም አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ፣ ደብተራ ይባቤ በየጠዋቱ እየመጣ ጆንያው ላይ ይወጣና ባሕረ ሐሳቡን ይገልጣል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም የነበሩት እሑዶች አምስት ናቸው፤ ግራዝማች ለአምስቱም እንከን አላቸው።

«ጥር ዐሥራ ሰባት?» ይላል ደብተራ።

«ሰው ጥምቀት ላይ የለበሰውን ሳያጥብ ሊመጣብኝ ነው? አይሆንም።»

«ጥር ሃያ አራት?»

«እሱ ጥሩ ነበር። ግን የተክለ ሃይማኖት ዝክር አለ፤ ሰው በልቶ ጠግቦ ይመጣል። ድግሴን ማን ያደንቅልኛል?»

«የካቲት አንድ?»

«በማግስቱ ጾመ ነነዌ ነው። የተረፈው ሥጋ ለውሻ ይሁን?»

«የካቲት ስምንት።»

«ቀኛዝማች አሰጌ የመጀመሪያ ልጁን የዳረው በየካቲት ስምንት ነው! ሰው በእኔ ድግስ ተቀምጦ የእሱን ያስታውስ?»

«እንግዲህ የቀረው የካቲት ዐሥራ አምስት፣ ቅበላ ነው።»

«መልሱን በጾም በሽሮ ልበላ? ደብተራ፣ እስቲ ደግመህ ቁጠር።»

ደብተራ ይባቤም ደግሞ ይቆጥራል። ቀኑ እስካልተቆረጠ ድረስ ምሳው እንደማይቋረጥበት ግን ኮከብ ሳይቆጥር ያውቃል።

በጥር ዐሥራ ሦስት ቀን ግራዝማች አንድ ብልሃት ታያቸው። ቀኑ ባይቆረጥም ወረቀቱ ይመረጥ! ባዶውን ግን መለየት አልቻሉም፤ ተጽፎበት ማየት አለባቸው። ደብተራም በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ጥሪ ጻፈ። የግራዝማች ማዕረግ፣ የግራዝማች ስም፣ የግራዝማች አባት ስም፣ የግራዝማች አያት ማዕረግ፣ ከዚያ ወደ ታች የልጅቱ ስም። ቀኑ የሚገባበት ላይ ሲደርስ ብዕሩን አነሣ።

«ቀን የሌለው ጥሪ ዓይን እንደሌለው ፊት ነው ጌታዬ። አያምርም።»

«ለማሳያ አንድ ቀን አግባበታ።»

«የትኛውን?»

«የሚያምረውን!»

ደብተራ ጣቱን ላሰ፣ አሰበ። ከቁጥሮች ሁሉ እጁ የሚሰምርለት ሃያ አራት ነበር። ስለዚህ በሦስቱም ላይ በቀይ ቀለም «እሑድ ጥር ፳፬ ቀን» ብሎ ጻፈ፤ የሃያዋን አንገት መዘዝ፣ የአራቷን ጭራ ጠምዘዝ አደረገና ነፋ ነፋ አድርጎ አደረቀው። ግራዝማች ሦስቱን እያፈራረቁ ሲያዩ ቆዩ። ሁሉም አማሩባቸው።

«ይህን የሚለይልኝ ባሻ ዘገየ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለአማቼ ይላክና ይምረጥ።»

አስናቁ ማንበብ አትችልም፤ ዓይኗ ግን ቀዩን ቀለም አልሳተም። «ይቺ ቀይዋ ምንድን ናት?»

«ቀን ናት» አለ ደብተራ። «ለማሳያ።»

«ባሻ ለማሳያ መሆኗን ያውቃሉ?»

«ያልገባው ሰው እንዴት ልጄን ለልጁ ይጠይቃል?» አሉ ግራዝማች። «እኔ ቀን የቆረጥኩ ዕለት አገር ይሰማል።» ወረቀቶቹንም በሐር ጨርቅ ጠቅልለው ባይለየኝ ለሚባለው ሎሌያቸው ሰጡት፤ «የትኛው ደስ እንዳለዎት ይንገሩኝ ብለዋል በል» ብለው ላኩት።

ባሻ ዘገየ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ነበሩ። ወረቀቶቹ ሲደርሷቸው የሰፈሩን ቄስ አስጠሩ። በኋላ እንደተወራው፣ ቄሱ ነጩን አነበቡ፤ ጥር ሃያ አራት ይላል። ሰማያዊውን አነበቡ፤ ጥር ሃያ አራት ይላል። ጽጌረዳውንም አነበቡ፤ ያው ነው። ባሻ ከመደባቸው ብድግ አሉ።

«ሦስት ጊዜ! አንድ ጊዜ ቢጠራኝ ለምሄደው ሰው ሦስት ጊዜ ላከብኝ! ይህ ሰው ምን ያህል ደግሶ ቢጠብቀን ነው?» ወደ ባይለየኝም ዞረው፣ «ሦስቱም ደስ ብለውኛል በላቸው። አክብረውኛል፣ አከብራቸዋለሁ በላቸው» አሉት።

ግራዝማች መልሱን ሲሰሙ ተደሰቱም ተከፉም፤ ሦስቱም ያምራሉ ከተባለ ምርጫው እንደገና ሊጀመር ነው። አስናቁ ግን ባይለየኝን ለብቻው ጠራችው።

«ባሻ ምን ሲያደርጉ ትተሃቸው መጣህ?»

«ኮርቻ አስወጥተው ሲያስወለውሉ እመቤቴ።»

«ስንት ኮርቻ?»

«አርባ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።»

ቀጥ ብላ እቃ ቤት ገብታ ለባሏ ነገረቻቸው።

«ወታደር ኮርቻ ያስወለውላል፤ ምኑ ይደንቃል?» አሉ ግራዝማች ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ።

«ሰው ልላክ፤ ቀኑ ገና አልተቆረጠም ልበላቸው።»

«ደምለው ቀን መቁረጥ አቃተው እንድባል? ከዚህ ቤት አንድ ሰው ወንዙን ቢሻገር ተጣልተናል አስናቁ! ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እቆርጣለሁ።»

ያን ዕለት አስናቁ በጣቷ ቆጠረች። እሑድ ጥር ሃያ አራት ሊደርስ ዐሥር ቀን ቀርቷል። ቀኑን ማስቆም ካልቻለች መቀበል አለባት። በማግስቱ ደብተራ ለምሳ ሲወጣ ገባችና ከሥር ያለውን ጆንያ ስፌት በኋላ በኩል ሁለት ጣት ያህል ተረተረች። ዛላውን በነጠላዋ እያወጣች በዚያች ደረት በማታልፈው አጥር በላይ ለጎረቤቷ ለደብሪቱ አቀበለቻት። ደብሪቱ ቤት ወረቀት የለም፤ በርበሬው እንደልቡ ይሸታል። አስናቁም ጆንያው ጎድሎ እንዳይታወቅባት በወጣው ፈንታ የጤፍ ጭድ ጠቀጠቀችበት።

በየቀኑ በምሳ ሰዓት እንዲህ አደረገች። ደብተራ ይባቤ ምንም አልጠረጠረም። እንዲያውም በአምስተኛው ቀን፣ «ግራዝማች፣ ይህ ወንበሬ ከዋለ ካደረ ለስልሶ ተመቸኝ» አለ።

«ጥሩ ሥራ ለመቀመጫም ይተርፋል» አሉ ግራዝማች።

በነጠላ እየተቋጠረ የወጣ በርበሬ ግን ስንት ሰው ያበላል? ተቀንጥሶ ተደልዞ ሲያልቅ ለአንድ ትልቅ ድስት ብቻ ሆነ።

እሑድ ጥር ሃያ አራት ጠዋት አስናቁ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብሪቱ ጓዳ ገብታ የስድስት ዶሮ ወጥ ጣደች። ብርቅነሽን ገላዋን አሳጥባ፣ አዲስ ቀሚሷን አልብሳ አስቀመጠቻት። ለባሏም አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ግራዝማች፣ ዛሬ ሃያ አራት ነው» አለቻቸው። ግራዝማች አልሰሟትም። ከደብተራ ጋር «ግራዝማች» የሚለው ቃል ብቻውን መስመር ይያዝ ወይስ ከስማቸው ጋር ይሂድ እያሉ ይከራከሩ ነበር።

ረፋዱ ላይ ከወንዙ ማዶ ከበሮና እምቢልታ ተሰማ። ግራዝማች አንገታቸውን በመስኮቱ አወጡ።

«የማን ሠርግ ነው? ማን ነው ከእኔ ቀድሞ የደፈረ?»

«ቀኛዝማች አሰጌ ይሆናል» አለ ደብተራ።

«ቀኔን ሰረቀኝ! ስል አልነበረም? ሃያ አራት ጥሩ ቀን ነው ስል አልነበረም?» እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ፣ ጣታቸው ቀለም እንደነካው ወደ አጥሩ ሮጡ። የሰውየውን በቅሎ ብዛት ቆጥረው ከራሳቸው ጋር ሊያስተያዩ ነበር። ሠርገኛው ወንዙን ተሻገረ፣ ዳገቱን ወጣ። አርባ በቅሎ አለፉ፣ ሃምሳም አለፉ። ወደ ቀኛዝማች ቤት የሚወስደው መገንጠያ ላይ ሲደርሱ አልታጠፉም። ግራዝማች እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይቀኑ ነበር። ከፊት የሚመራውን በቅሎ ሲያዩ ግን ከላዩ ባሻ ዘገየ፣ ከባሻ ጎን አባ ጎሹ፣ ከኋላቸው ጃኖ የለበሰው መኩሪያ።

ሸንበቆ ውሃ ያን ጊዜ የሰማችው ጩኸት እስከ ዛሬ ይወራል።

«በርበሬ ቀንጥሱ! ኧረ በርበሬ ቀንጥሱ! አስናቁ! ባይለየኝ! ሰው የለም? ቀንጥሱ!»

ጆንያዎቹ እየተጎተቱ ወጡ። ከሥር የነበረው ሲገለበጥ ግማሹ ጭድ ሆኖ ፈሰሰ። ደብተራ ይባቤ ጭዱን አየና መቀመጫውን ዳበሰ። ሎሌውም ጎረቤቱም መሬት ቁጭ ብሎ መቀንጠስ ጀመረ። ደብተራም በዚያ ሃያ አራቷን ባሳመረበት ጣት ይቀነጥስ ገባ። ግራዝማችም ካባቸውን ትተው ከመካከል ተንበረከኩ።

አስናቁ ሁሉን ዐየችና የሰፈሩን ልጃገረዶች ወደ አንበሳው በር ነዳቻቸው። በአገሩ ልማድ ሠርገኛ በር ላይ ሲደርስ የሙሽራዋ ጓደኞች በሩን ይዘው አናስገባም እያሉ ይዘፍናሉ፤ ሚዜዎቹም ይለማመጣሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ ትንሽ ተጫውተው ይገባሉ።

«ልጆቼ» አለቻቸው፣ «የምታውቁትን ዘፈን ሁሉ ዝፈኑ። እኔ እስክልክባችሁ እንዳትከፍቱ።»

ልጃገረዶቹም ዘፈኑ። ሠርገኛው መጀመሪያ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ሚዜዎቹ ሽቶውን ረጩ። ዘፈኑ ተደገመ። ሽቶው አለቀ። ዘፈኑ ሦስተኛ ዙር ጀመረ። ፀሐዩ ከራስ በላይ ሆነ፣ በቅሎዎቹ እግር መቀያየር ጀመሩ። ከግቢው ደግሞ የሚወቀጥ በርበሬ አቧራ በነፋስ እየመጣ ሠርገኛውን ተራ በተራ ያስነጥሰው ገባ።

«ይህ በር ያምራል» አሉ አባ ጎሹ ወደ ባሻ ዞረው፣ «ሲከፈት ደግሞ እንዴት ያምር ይሆን?» ብለው በቅሏቸውን ወደ አጥሩ ጠጋ አደረጉ። አጥሩ ለእግረኛ እንኳ ደረት ነው፤ በቅሎ ለተቀመጠ ሽማግሌ የወንፊት ያህል አልከለለም። አባ ጎሹ አዩ። ከዚያ በጣታቸው ባሻን ጠሩ።

ባሻም አዩ። የአማቻቸው ፊት በእንባ ርሷል፣ ጉልበታቸው ላይ ዛላ ተቆልሏል።

«ግራዝማች! ምን ሆነዋል?»

ግራዝማች ቀና አሉ። «ባሻ... ዛሬ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም።»

«አልጠበቅኩም?» ባሻ ከደረታቸው የሐር ጥቅል አወጡ፤ ነጩን፣ ሰማያዊውን፣ ጽጌረዳውን በአጥሩ ላይ አንድ በአንድ ዘረጉ። «ሦስት ጊዜ ጠርተውኝ?»

«እሱ እኮ... እሱ ለማሳያ ነው።»

ዘፈኑ ቆመ።

«ለማሳያ?» አሉ ባሻ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ። «ልጅዎም ለማሳያ ናት? ስልሳ ሰው ከእነ በቅሎው ወንዝ ያሻገርኩት እኔስ ለማሳያ ነኝ?» ወደ ሠርገኛው ዞሩ። «አዙር በቅሎህን!»

መኩሪያ ከበቅሎው ላይ ሆኖ አባቱን አየ፣ በሩን አየ። በቤት ውስጥ ብርቅነሽ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። አስናቁ ግን ድስቱን እንዳለ በሁለት እጇ ይዛ ከደብሪቱ ቤት በአጥሩ ጥግ መጣች። ከባሻ በቅሎ ፊት ቆማ ክዳኑን አነሣችው። ቀዩ ወጥ ቅቤው ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይንተከተካል፤ ሽታው እምቢልታ ነፊውን እንኳ ምራቁን አስዋጠው።

«ባሻ» አለች፣ «እኔ በወረቀቱ ቀን ስጠብቅዎት ነበር። ለስልሳ ሰው አልበቃኝም፤ ለሙሽሮቹ፣ ለእርስዎና ለሽማግሌዎቹ ግን የልጄ ድስት በቀኑ ደርሷል። ያልደረሰ ነገር ካለ እሱ ያባቷ ነው፤ የእሷ አይደለም።»

ባሻ ዘገየ ድስቱን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ። በቀኑ የደረሰ ነገር ከመውደዳቸው የተነሣ ቁጣቸው ቀስ እያለ ወረደ፤ በመጨረሻም ራሳቸው ከበቅሏቸው ወረዱ። የአንበሳው በርም ተከፈተ። ማንም አላደነቀውም።

ሙሽሮቹና ሽማግሌዎቹ ዶሮ ወጥ በሉ። የቀረው ሠርገኛ ግማሹ አልጫ፣ ግማሹ ደግሞ ያን ሳይደርቅ የተወቀጠ ጥሬ በርበሬ የገባበትን ወጥ እየበላ ሲያስልና ሲስቅ ዋለ። ጠጁ በቂ ስለነበረ ሳቁ አልጎደለም። ብርቅነሽም ሳይመሽ በቅሎ ላይ ወጣች፤ እናቷ የበቅሎዋን ልጓም እስከ መገንጠያው ድረስ ይዛ ሸኘቻት።

ሠርገኛው ሊነሣ ሲል ግራዝማች አባ ጎሹን ጠጋ አሏቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ በርበሬ የነካ እጃቸውን ምንም እንዳይነካ በአየር ላይ አንጠልጥለውታል።

«አባ ጎሹ፣ እባክዎ የዛሬው ነገር ከዚህ ግቢ አይውጣብኝ። ለሚጠይቅ ሰው የምንለውን ደብተራ በጥሩ ወረቀት ይጽፍልናል። ምን ብለን እናስጽፍ?»

«ወረቀት አታባክን ልጄ» አሉ አባ ጎሹ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው። «ስለ ሙሽራዋ ዋርካ ሜዳ ላይ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ዶሮ ወጥ በልተን ያመጣናት እላለሁ፣ ማንም አይደፍራትም። ስላንተ ደግሞ መጻፍ አያስፈልግም፤ አጭር ናት፣ ሰው ሳይጽፋት ይይዛታል።»

ከዚያ ዳገቱን መውረድ የጀመረው ሠርገኛ ሁሉ እንዲሰማ ዞር ብለው፣ በእነዚያ በአራቱ ጥርሶቻቸው እየሳቁ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ!»